የክረምት ተለማማጅ በነጋዴ ቤት

የወልድያ ዩኒቨርሲቲ በ2004 ዓ.ም. ሥራውን ከጀመረ ወዲህ ሒሳብ አያያዝ የተማረ ወጣት ከደጃችን አልራቀም፤ በመርሳ ግቢ እርሻ የሚማረውም ለሐብሩ የእህልና የፍራፍሬ ነጋዴ ይጠቅማል። ዳሩ ግን አንዳንዱ ነጋዴ «ምስጢሬን ያወጣብኛል» በማለት፥ ሥራ ሊለምድ የመጣውን ተማሪ ሻይ ሲያስመጣውና መጋዘን ሲያስጠርገው ይከርማል።

ፍርሃቱ ያለ ምክንያት አይደለም። የመግዣ ዋጋና የደንበኛ ዕዳ ለተወዳዳሪ ጆሮ ቢደርስ ጉዳቱ ከባድ ነው። ይሁን እንጂ መዝገብ ሁሉ ምስጢር አይደለም። የብዙዎቻችን የሒሳብ ዓመት ሰኔ 30 ቀን ተዘግቶ ሐምሌ 1 ቀን አዲሱ ስለሚጀምር፥ ክረምት ዕቃ የሚቆጠርበት ወራት ነው።

በምሠራበት ቤት አንድ ተማሪ የዋጋ መዝገብ ሳይከፈትለት የመጋዘኑን ዕቃ ከካርዱ ጋር ሲያስተያይ፥ ካርዱ 40 ካርቶን ሳሙና ሲል 37 ብቻ አገኘ። ሦስቱን የመጋዘን ሠራተኛው በዱቤ አውጥቶ ሳይጽፋቸው ቀርቶ ነበር፤ ገንዘቡ ከባለዕዳው ተሰበሰበ።

የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የሙያ ልምምድ ውል በጽሑፍ እንዲሆን፥ በፍጻሜውም ለተለማማጁ የምስክር ወረቀት እንዲሰጠው ያዛል። እንግዲህ ክቡራን ነጋዴዎች፥ ተማሪው የሚሠራውን፥ የሚከፈትለትንና የሚዘጋበትን መዝገብ አስቀድሞ በወረቀት ማስፈር፥ ምስጢርንም ተማሪንም ይጠብቃል።