መውጫ 8፦ አንድ ኮሪደርና የተጫዋቹ ጥርጣሬ

«መውጫ 8» ከ15 ደቂቃ እስከ አንድ ሰዓት ባለው ጊዜ ተጫውተው የሚጨርሱት የጃፓን አስፈሪ የቪዲዮ ጌም ነው። የሠራው ኮታኬ ክሪኤት በሚል ስም የሚታወቅ አንድ ጃፓናዊ ሲሆን፣ ስቲም በተባለው የኮምፒውተር ጌሞች መሸጫ ለገበያ የቀረበው እ.ኤ.አ. በኖቬምበር 2023 ነው። በኋላ ለኒንቴንዶ ስዊችና ለፕሌይስቴሽንም ወጥቷል።

ታሪኩ የሚካሄደው በአንድ የምድር ውስጥ መተላለፊያ ብቻ ነው። የጃፓን ባቡር ጣቢያዎች ተጠቃሚ በየቀኑ የሚያልፍበት ዓይነት ቦታ ነው፤ ነጭ የሸክላ ንጣፍ፣ ጥላ የማይተው የጣሪያ መብራት፣ ለዓይነ ስውራን መሬት ላይ የተነጠፈ ቢጫ መስመር፣ በአንዱ ግድግዳ ፖስተሮች፣ በሌላው የተዘጉ በሮች። ነጭ ሸሚዝ የለበሰ፣ ቦርሳ የያዘ ጎልማሳ ከፊት ለፊት መጥቶ ዝም ብሎ ያልፋል። ተጫዋቹ ሁሉንም የሚያየው በራሱ ዓይን እንደሚያይ ሆኖ ነው፤ የሚቆጣጠረው ሰው ፊት አይታይም፣ ማን እንደሆነም አይነገርም። ኮሪደሩ ታጥፎ ሲያበቃ ያው ኮሪደር እንደገና ይጀምራል።

ሕጉ ግድግዳው ላይ ተጽፏል። እንግዳ ነገር ካዩ ወዲያውኑ ወደ ኋላ ይመለሱ፤ ካላዩ ወደ ፊት ይቀጥሉ። ውሳኔው ልክ ከሆነ የመውጫው ቁጥር ከ0 ወደ 1፣ ከ1 ወደ 2 እያለ ያድጋል፤ አንድ ጊዜ ከተሳሳቱ ግን እንደገና ከ0 መጀመር ነው። ስምንተኛው መውጫ ላይ የደረሰ ይወጣል።

እንግዳ ነገሮቹ እኩል አይደሉም። አንዳንዶቹ ማንም የማይስታቸው ናቸው፤ መብራት ድንገት ይጠፋል፣ ቀይ ውኃ ኮሪደሩን ሞልቶ ይመጣል። ሌሎቹ ግን ረቂቅ ናቸው፤ የአንድ በር እጀታ ከቦታው ተነሥቶ መሃል ላይ ይገኛል፣ ፖስተር ላይ ያለ ዓይን ተጫዋቹን ይከተላል። የጌሙ ብቃት ያለው በእነዚህ በሁለተኞቹ ነው። ቀዩ ውኃ ለአፍታ ያስደነግጣል እንጂ የሚያጠራጥር ነገር የለውም። የበሩ እጀታ ግን «ቀድሞስ የት ነበር?» ያሰኛል፤ ከዚያ በኋላ ተጫዋቹ የገዛ ዓይኑንና ትዝታውን ማመን ያቅተዋል። ከሁሉ የሚያስጨንቀውም ምንም ያልጎደለበት ኮሪደር ነው፤ ቁጥር 7 ላይ የደረሰ ሰው እንግዳ ነገር ፈልጎ ሲያጣ፣ የለም ብሎ ለመቀጠል ድፍረት ይጠይቀዋል። መሣሪያ የለም፣ የሚገደል ጭራቅ የለም።

ሐሳቡ ከባዶ አልመጣም። በ2014 ለፕሌይስቴሽን 4 የቀረበው «ፒ.ቲ.» የሚደጋገም የቤት ኮሪደርን ፍርሃት አስቀድሞ አሳይቷል። ሠሪው ራሱ የጠቀሳቸው መነሻዎች ደግሞ የጃፓን የምድር ውስጥ መተላለፊያዎች፣ ሰው አልባ የመሸጋገሪያ ቦታዎች እና ከ2019 ጀምሮ በኢንተርኔት የተስፋፋው «ባክሩምስ» የተባለው ማለቂያ የሌላቸው ባዶ ክፍሎች ታሪክ ናቸው። ቦታውን አንድ ኮሪደር ላይ መወሰኑ ለብቸኛ ሠሪም ይበጃል፤ ሰፊ ዓለም ለመገንባት የሚያልቀው ጊዜ በአንሪል ኤንጂን 5 አንዲት ኮሪደርን ፎቶግራፍ እስክትመስል ለማጥራት ውሏል።

ከዚያ ወዲህ ይህንኑ ሕግ በሌላ ቦታ የሚደግሙ ብዙ ጌሞች ተከትለዋል። ሠሪው ራሱ በ2024 በሚጓዝ ባቡር ውስጥ የሚካሄደውን «ፕላትፎርም 8» አወጣ። በ2025 ደግሞ ከ«መውጫ 8» ተነሥቶ ጌንኪ ካዋሙራ ያዘጋጀውና ካዙናሪ ኒኖሚያ የተወነበት ፊልም በካን ፌስቲቫል ታይቶ፣ በኦገስት በጃፓን ሲኒማ ቤቶች ወጣ።

ጌሙን ለመጫወት ያሰበ ሰው የሌሎችን ቪዲዮ አስቀድሞ ባያይ ይሻለዋል። እንግዳ ነገሮቹ አንዴ ከታወቁ የሚቀረው ቆጠራ ብቻ ነው።