ስልክ ስላነሱ ገንዘብ አይወጣም

ያ የድምፅ መልእክት ተመልሶ መጥቷል። ቁጥሩ ይለዋወጣል እንጂ ቃሉ ያው ነው፤ «በዚህ ቁጥር ሲደወልላችሁ እንዳታነሱ፤ ካነሳችሁ ባንክ ያላችሁ ብር ሙልጭ ብሎ ይወጣል። ለምትወዱት ሁሉ አስተላልፉ።» አንዷ አክስት የቤተሰቡ ቴሌግራም ግሩፕ ላይ ትለጥፈዋለች፣ ሌላው «እግዚአብሔር ይጠብቀን» ብሎ ያስተላልፈዋል፣ በማግስቱ አባት የማያውቁትን ቁጥር ሁሉ እያዩ ማለፍ ይጀምራሉ። ወሬው ሐሰት ነው። ሐሰት ብቻ ቢሆን ኖሮ በዝምታ ባለፍኩት፤ ነገር ግን የሌባውን ግማሽ ሥራ ሠርቶ ያስረክበዋል። እንዴት እንደሆነ ኋላ ላይ እደርስበታለሁ።

መነሻውን በአጭሩ ልጨርሰው። ስልክ ሲነሳ የሚከፈተው የድምፅ መስመር ብቻ ነው። ብሩ ቀፎው ውስጥ የለም፤ ባንኩ ኮምፒውተር ላይ ተመዝግቦ የተቀመጠ ቁጥር ነው። ከዚያ የሚቀነሰው ለባንኩ ትእዛዝ ሲደርሰው ነው፣ ትእዛዙም በመተግበሪያ ወይም እንደ ንግድ ባንክ *889# እና እንደ ቴሌብር *127# ባሉ አጭር ቁጥሮች ገብቶ የሚስጥር ቁጥር ይጠየቅበታል። «ሄሎ» ማለት ከእነዚህ አንዱንም አይነካም።

ታዲያ ወሬው ከየት መጣ? ሁለት እውነተኛ ነገሮች የተደባለቁበት ይመስለኛል። አንደኛው ከማይታወቅ አገር አንዴ ጠርቶ የሚዘጋው ሚስድ ኮል ነው። መልሰው ሲደውሉ በደቂቃ ብዙ የሚያስከፍል ዓለም አቀፍ መስመር ላይ ያርፋሉ፤ ከክፍያውም ድርሻ ለደዋዩ ይደርሰዋል። የሚበላው የስልክ ካርድ ነው፣ ያውም መልሰው ከደወሉ። ሁለተኛው የተዘረፉ ሰዎች ራሳቸው የሚናገሩት ነው፦ «ስልክ አነሳሁ፣ ብሬ ጠፋ።» መጀመሪያውና መጨረሻው ትክክል ነው፤ መካከሉ ተዘሏል። አንዳንዱ አፍሮ ይዘለዋል፣ አንዳንዱ ምን እንዳደረገ እስካሁንም አልገባውም። መካከሉ እንዲህ ያለ ነው፦

«እማማ፣ እንደምን አደሩ? ከባንክ ነው የምደውለው። አንድ ሰው ሒሳብዎ ውስጥ ሊገባ ሲሞክር ይዘነዋል።»

«ውይ በሞትኩት! ምን ይሻለኛል ልጄ?»

«አይደንግጡ፣ አሁኑኑ እዘጋልዎታለሁ። ስልክዎ ላይ ቁጥር ይገባል፣ እሱን ያንብቡልኝ። ብቻ መስመሩን እንዳይዘጉት፤ ከዘጉት ገንዘቡ ይሄዳል።»

እውነትም ቁጥሩ ይገባል። ላኪው እውነተኛው ባንክ ነው፤ ምክንያቱም ደዋዩ በዚያችው ሰዓት የእማማን ሒሳብ በራሱ ስልክ ላይ ሊከፍት እየሞከረ ነው። የባንኩ ኮምፒውተር «ባለቤቷ ናት ወይ?» ብሎ የሚጠይቀው በዚህ ኮድ ነው። 6 አኃዝ ከሆነ ሚሊዮን አማራጭ አለው፣ ከጥቂት ሙከራ በኋላም ይዘጋል፤ ስለዚህ ሌባው ሊገምተው አይችልም። መንገዱ አንድ ነው፤ መጠየቅ። ኮዱ የመጣበት መልእክት «ለማንም አይስጡ» ይል ይሆናል፤ ግን ከባንክ የሚመጡ መልእክቶች ብዙዎቹ በእንግሊዝኛ ስለሆኑ እማማ የሚያነቡት አኃዙን ብቻ ነው። ቀጥሎ «ለማጣሪያ» ተብሎ የሚስጥር ቁጥሩ ይጠየቃል፣ ነገሩም ያልቃል።

«ታዲያ ስልኩ ላይ የባንኩ ቁጥር ነው የወጣው!» የሚል ሰው አይጠፋም። እዚህ ላይ ትዕግሥታችሁን እለምናለሁ፤ ብዙ ሰው ሳይመረምር የሚያምነው ነገር ይህ ቁጥር ነው።

አንድ ሰው ሲደውል ድምፁ ከመሄዱ በፊት የስልክ ማዕከላቱ በሌላ መስመር ይነጋገራሉ። የሚነጋገሩበት ሥርዓት ኤስኤስ7 ይባላል፤ የተቀረጸው በ1970ዎቹ (እ.ኤ.አ.) መጨረሻ አካባቢ ነው። በመልእክቱ ውስጥ የተደወለለት ቁጥርና የደዋዩ ቁጥር ይገኛሉ። ከደዋዩ ቁጥር ጎን ደግሞ አንዲት ትንሽ ምልክት አለች፤ ቁጥሩን ማን እንደሰጠ ትናገራለች። ኔትወርኩ ራሱ የሰጠው ሊሆን ይችላል፤ ደንበኛው ሰጥቶት ኔትወርኩ ያረጋገጠው ሊሆን ይችላል፤ ደንበኛው ሰጥቶት ማንም ያላረጋገጠውም ሊሆን ይችላል። ማዕከሉ ይህችን ምልክት ያያታል። የእኔና የእናንተ ስልክ ግን አያሳያትም፤ የተረጋገጠውም ያልተረጋገጠውም ስክሪኑ ላይ አንድ ዓይነት ሆኖ ይወጣል።

ፖስታ ጀርባ ላይ የሚጻፈውን የላኪ አድራሻ አስቡት፤ ላኪው የፈለገውን ቢጽፍ ፖስታ ቤቱ አይከለክለውም።

ንድፉን የሠሩት ሰዎች ሞኞች አልነበሩም። በጊዜው የስልክ ድርጅቶች ጥቂት ነበሩ፣ በየአገሩም አብዛኞቹ የመንግሥት ስለነበሩ አንዱ ሌላውን ያምን ነበር። ደንበኛው ቁጥሩን ራሱ እንዲሰጥ መፈቀዱም ምክንያት ነበረው፤ 200 የውስጥ መስመር ያለው መሥሪያ ቤት ሁሉም ጥሪ በአንድ ዋና ቁጥር እንዲወጣለት ይፈልጋል። ከዚያ የኢንተርኔት ስልክ መጣና የፈለገ ሰው ከኮምፒውተሩ የፈለገውን ቁጥር መጻፍ ቻለ። አሜሪካ ይህን ለመግታት በ2019 ሕግ አውጥታ ከሰኔ 30 ቀን 2021 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ትልልቆቹ ኩባንያዎች በእያንዳንዱ ጥሪ ላይ ዲጂታል ማረጋገጫ እንዲያደርጉ አስገድዳለች። ማረጋገጫው በኢንተርኔት ላይ ባልተሠሩት አሮጌ መስመሮች አይሠራም። በሚሠራበትም ቢሆን የሚመሰክረው ቁጥሩ የደዋዩ መሆኑን ነው፤ ደዋዩ ሐቀኛ ስለመሆኑ አንዳች አይልም።

አጭር መልእክት ደግሞ ከዚህ ይብሳል። የላኪው ቦታ ላይ እስከ 11 ፊደል የሚደርስ ስም መጻፍ ይቻላል፤ ስሙ የማን እንደሆነ የሚያጣራ ነገር በሥርዓቱ ውስጥ አልተበጀም። ስልካችን መልእክቶችን የሚያሰልፈው በስም ስለሆነ ሐሰተኛው ከእውነተኞቹ የባንክ መልእክቶች ሥር ገብቶ ይቀመጣል። በ2021 (እ.ኤ.አ.) መጨረሻ ሲንጋፖር ውስጥ በኦሲቢሲ ባንክ ስም የተላኩ ሐሰተኛ መልእክቶች ልክ እንዲህ ተሰልፈው 790 ያህል ደንበኞች ቢያንስ 13.7 ሚሊዮን የሲንጋፖር ዶላር አጥተዋል። አገሪቱ ከጥር 2023 ጀምሮ ባልተመዘገበ ስም የሚመጣ መልእክት ማጭበርበር ሊሆን ይችላል የሚል ምልክት እንዲለጠፍበት አድርጋለች።

እኛ ዘንድ ሌባው እዚህ ድረስ የሚደክም አይመስለኝም። ከተራ 09 ወይም 07 ቁጥር ይደውላል፣ ይበቃዋል። የባንኩን የገቢ ማስታወቂያ ቃል በቃል ቀድቶ ከራሱ ቁጥር ይልክና «እናቴ፣ በስህተት 15 ሺህ ብር አስገብቼብዎታለሁ፣ ለሕክምና ነበር፣ በልጆችዎ ይሁንብዎ መልሱልኝ» ይላል። መልእክቱ ገቢ ብሏል፤ ሒሳቡ ላይ ግን የገባ ብር የለም። መታየት ያለበት ቀሪ ሒሳቡ ነው። በእርግጥ ገብቶ ቢሆን እንኳ የሚመለሰው ባንክ ቤት ተሄዶ ነው።

አንድ ሌላ ነገር ሳልናገር አላልፍም። ደዋዩ «መስመርዎ እንዳይዘጋ» ብሎ *21* ከዚያ አንድ ስልክ ቁጥር፣ መጨረሻ ላይ መሰላል (#) አስጽፎ ያስደውላል። ይህ የሞባይል ኔትወርኮች የጋራ የጥሪ ማዛወሪያ ትእዛዝ ነው። ከዚያች ደቂቃ በኋላ ለእማማ የተደወለው ሁሉ ሌባው ዘንድ ይጮኻል፤ የእሳቸው ስልክ ግን ጸጥ ይላል። አጭር መልእክት በዚህ መንገድ አይዛወርም፤ በድምፅ ጥሪ የሚነገር ኮድ ግን ይዛወራል። ባንኩ ለማጣራት ቢደውልም የሚያነሳው ሌባው ነው። *#21# ሲደወል ጥሪው መዛወር አለመዛወሩን ያሳያል፣ ##002# ደግሞ የተዛወረውን ሁሉ ይሰርዛል። የወላጆቻችሁን ስልክ ይዛችሁ ዛሬ ሞክሩት።

እስካሁን «ሌባው ያለ ባለቤቱ እጅ አይገባም» ስል ቆይቻለሁ። ሙያው ውስጥ ያሉ ሰዎች እዚህ ላይ ያቆሙኛል፣ እውነትም አላቸው። ኤስኤስ7ን ራሱን በመጥለፍ የባንክ ኮድ የያዘ መልእክት መስረቅ ይቻላል፤ በጀርመን የሞባይል ኩባንያው የኦ2 ደንበኞች ላይ በ2017 (እ.ኤ.አ.) ተደርጓል። ይሁን እንጂ እዚያም ሌቦቹ የሒሳቡን የይለፍ ቃል አስቀድመው ሰርቀው ነበር። ሐሰተኛ መታወቂያ ይዞ በሰው ስም ሲምካርድ የሚያወጣ አለ። በቴሌግራም የሚላክ መተግበሪያ ስልክ ላይ ከተጫነና ፈቃድ ከተሰጠው መልእክት ያነባል። የአሜሪካ የደረጃዎች ተቋም በ2016 (እ.ኤ.አ.) ረቂቁ በአጭር መልእክት የሚላክ ኮድ ቀስ በቀስ እንዲቀር ሐሳብ አቅርቦ በዓመቱ ግን አለዝቦታል፤ ክርክሩም አልቆመም። የእኔ አቋም ይህ ነው፦ ለቁልፍ ስልክ ተጠቃሚ የተሻለ ነገር እስካልቀረበ ድረስ ኮዱ ከምንም ይሻላል።

«ያረጀ ሰው ይሞኛል» የሚባለውን ደግሞ በቁጥር ላስተካክለው። የአሜሪካ ፌዴራል ንግድ ኮሚሽን ደጋግሞ እንዳሳወቀው ተታለን ገንዘብ አጣን ብለው የሚያመለክቱት ወጣቶች ይበዛሉ፤ 80 ዓመት ያለፋቸው ግን ሲታለሉ የሚያጡት ብር ይበልጣል። የዕድሜ ልክ ቁጠባ ያለው እነሱ እጅ ነው። በሌላ በኩል ቺካጎ በሚገኘው ረሽ ዩኒቨርሲቲ የመርሳት ችግር ያልነበረባቸውን ከ900 በላይ አረጋውያን የተከታተለ ጥናት በ2019 (እ.ኤ.አ.) ታትሟል። ስለ ማጭበርበር ንቃታቸው ዝቅ ያለ አረጋውያን በኋላ ለአልዛይመር የመጋለጥ ዕድላቸው ከፍ ብሎ ተገኝቷል። የአንድ ጊዜ መታለል የበሽታ ምልክት ነው ማለት አይደለም። ግን ዕድሜ ልካቸውን ነጋዴ የነበሩ፣ ማንም አታሏቸው የማያውቅ አባት አሁን ደጋግመው ቢታለሉ፣ ከቁጣ በፊት ሐኪም ማየት አለባቸው።

የእኛ አረጋውያን ችግር በአብዛኛው ሌላ ነው። ቴሌብር የተጀመረው ግንቦት 2013 ዓ.ም. ነው፤ ገንዘብን በስልክ መያዝን ገና ትናንት ነው የተማሩት። ሰው እያናገረ ጆሮው ላይ መዝጋት ደግሞ በእነሱ ዘንድ ነውር ነው። «ዝጉበት» ማለት ስለዚህ አይሠራም። ነውር የማይሆንበት ቃል ስጧቸው፦ «ልጄን ጠይቄ እደውላለሁ።» ይህን ተናግረው መዝጋት ይችላሉ። ቀጥሎ የሚደውሉት በጠራቸው ቁጥር ላይ ሳይሆን በሒሳብ ደብተራቸው ላይ በተጻፈው ነው።

ወደ ወሬው ልመለስ። «ስልክ ካነሳችሁ ሒሳባችሁ ይዘረፋል» የተባሉ እናት ሳያስቡ አንስተው «ሌባ ሒሳብዎ ውስጥ እየገባ ነው» ሲባሉ ምን ይላሉ? የፈሩት ደረሰ ይላሉ። ሌባው ማሳመን አይጠበቅበትም፤ ግሩፑ አስቀድሞ አሳምኖለታል። ሌባ እንዳለ ነግሯቸዋል፣ በአየር ላይ እንደሚገባም ነግሯቸዋል፤ ሌባው ከጠባቂው የሚለይበትን ምልክት ግን አልነገራቸውም። ምልክቱ ኮድ ወይም የሚስጥር ቁጥር መጠየቁ ነው። እውነተኛ የባንክ ሠራተኛ በስልክ ይህን አይጠይቅም። አሜሪካ ልጆቻቸው ዘንድ ላሉ ወላጆችም ነገሩ ያው ነው፤ ከሶሻል ሴኩሪቲ ነኝ ብሎ የስጦታ ካርድ ገዝታችሁ ቁጥሩን ንገሩኝ የሚል ሁሉ ሌባ ነው፤ የመንግሥት ቢሮ በስጦታ ካርድ አያስከፍልም።

ቤተሰብ ሌላም ማድረግ የሚችለው አለ። ትልቁን ቁጠባ በስልክ በማይንቀሳቀስ ሒሳብ ማስቀመጥ፣ ለወር ወጪ የሚሆነውን ብቻ በስልኩ ላይ መተው፣ የዕለት ማስተላለፊያ ጣሪያውን ባንክ ቤት ሄዶ ማስቀነስ። «ልጅዎ ታስሯል፣ አደጋ ደርሶበታል» ለሚል ጥሪ ደግሞ የቤተሰቡ ሰው ብቻ የሚመልሰውን አንድ ጥያቄ መስማማት፤ የሰው ድምፅ በኮምፒውተር መቅዳት ቀላል ሆኗልና።

ሸክሙ ሁሉ ግን በእናቶች ትከሻ ላይ መጣሉን አልቀበልም። እንግሊዝ ከጥቅምት 7 ቀን 2024 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ተታሎ ገንዘብ ላስተላለፈ ደንበኛ ባንኮች እስከ 85 ሺህ ፓውንድ እንዲመልሱ አስገድዳለች፤ ወጪውን ላኪውና ተቀባዩ ባንክ እኩል ይጋሩታል። ተቀባዩ ባንክ መካተቱ ትክክል ነው፤ ሌባውን ሒሳብ የከፈተለት እሱ ነው። እኛ ዘንድ የኮምፒውተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 ወንጀለኛውን ይቀጣል፣ ብሩን ስለመመለስ ግን ባንኮቻችን ገና ሊጠየቁ ይገባል። ቢያንስ የኮዱን መልእክት በአማርኛ፣ በኦሮምኛና በሌሎቹም ቋንቋዎቻችን ይጻፉት።

ገንዘብ ከወጣ በመጀመሪያ የሚደወለው ለባንኩ ነው፣ ፖሊስ ይከተላል። ሌባው ብሩን ከሒሳብ ወደ ሒሳብ አሻግሮ በጥሬው እስኪያወጣው ያለው ጊዜ አጭር ነው፤ ሊታገድ የሚችለውም በዚያ ጊዜ ውስጥ ብቻ ነው። እናታችሁ «ልጆቼ ይቆጡኛል» ብለው እስከ ማታ ከደበቋችሁ ጊዜው አልፏል። ስለዚህ የባንካቸውን የጥሪ ማዕከል ቁጥር ስልካቸው ላይ ዛሬ መዝግቡላቸው፣ ቢታለሉም እንደማትቆጧቸው ከአሁኑ ንገሯቸው።