«ንጹህ ጀርመን ነው ጋሼ»

ሃያ ሁለት፣ ጎላጉል ሕንፃ አካባቢ፣ ከሥራ መውጫ ሰዓት ላይ መኪናው ተደርድሮ ሲቆም አንድ ወጣት በየመስኮቱ እያለፈ ቡችላ ያሳያል። ቡችላው በአንድ መዳፍ ይያዛል፤ ጆሮው ወድቋል፣ ሆዱ ተነፍቷል፣ ዓይኑን እንቅልፍ ይዞታል። «ንጹህ ጀርመን ነው ጋሼ! አባቱ ኤምባሲ ነው ያለው» ይላል ልጁ። እኔም የዛሬ አራት ዓመት ሬክስን የገዛሁት ይህንኑ ሰምቼ ነው። ኤምባሲ አለ የተባለውን አባቱን እስከ ዛሬ አላየሁትም።

በእኛ ከተማ አነጋገር ውሻ ሁለት ዓይነት ነው፤ የአበሻና የፈረንጅ። ከሁለቱ የተወለደው ክልስ ይባላል። «ጀርመን» ሲባል ደግሞ ጀርመን ሼፐርድ ማለት ነው። ታዲያ «ንጹህ» የሚለው ቃል በምን ይረጋገጣል? በመልክ እንዳይባል፣ የጀርመን ሼፐርድ ቡችላ ጆሮ መጀመሪያ የወደቀ ነው፤ አብዛኛውን ጊዜ የሚቆመው ከሦስት እስከ ስድስት ወር ባለው ጊዜ ውስጥ ነው። መንገድ ላይ የሚሸጥ የአምስት ሳምንት ቡችላ ጥቁርና ቡናማ ጸጉር ካለው፣ ክልስም ሆነ ንጹህ፣ ለእኔና ለእናንተ ዓይን ያው ነው። ሻጩ ዋሽቶ ላይሆን ይችላል። እሱም አያውቅም።

የሆድ መነፋቱን ግን ልብ በሉት። ብዙ ጊዜ ጥጋብ ሳይሆን ወስፋት ነው። ሬክስ ቤት በገባ በአምስተኛው ቀን ደም የቀላቀለ ተቅማጥ ጀመረው፤ ፓርቮ ነበር። ያ ቫይረስ ያልተከተበ ቡችላ ካገኘ በጥቂት ቀናት ውስጥ ሊገድል ይችላል። አንድ ሳምንት ሙሉ በግሉኮስ ከርሞ ተረፈ። ቡችላ እስከ ስምንት ሳምንቱ ከእናቱ ጋር መቆየት አለበት። የመጀመሪያው ክትባት በስድስትና በስምንት ሳምንት መካከል ይሰጥና አራት ወር እስኪሞላው በየሦስት ወይም በየአራት ሳምንቱ ይደገማል። የእብድ ውሻ በሽታ ክትባት በሦስት ወሩ፣ ከዚያም በየዓመቱ ነው። ይህኛው ለውሻው ብቻ አይደለም፤ በሽታው ምልክት ካሳየ በኋላ ሰውን ማዳን አይቻልም ማለት ይቻላል። ለዚህ ነው ውሻ የነከሰው ሰው ቁስሉን ወዲያው በሳሙናና በሚወርድ ውኃ ለ15 ደቂቃ አጥቦ፣ ሳይውል ሳያድር ጤና ተቋም መሄድ ያለበት።

ወደ «ንጹህ» እንመለስ። ንጹህነትን የሚመሰክረው ወረቀት ነው፤ ወረቀቱ ደግሞ መዝገብ አለው። እ.ኤ.አ. በ1899 ማክስ ፎን ስቴፋኒትዝ የተባለ የጀርመን ፈረሰኛ ጦር መኮንን በአንድ የውሻ ትርኢት ላይ ያየውን የእረኛ ውሻ ገዛና ሆራንድ ፎን ግራፍራት ብሎ ሰየመው። በዚያው ዓመት ማኅበር አቋቁሞ ሆራንድን በመዝገቡ የመጀመሪያው ውሻ አድርጎ ጻፈው። ጀርመን ሼፐርድ የምንለው ዘር በወግ የተጀመረው ከዚያ ገጽ ነው። ስለዚህ «ንጹህ ነው» ማለት «እናቱ፣ አባቱ፣ አያቶቹ በስምና በቁጥር ተጽፈው ይገኛሉ» ማለት ነው። ካልተጻፉ፣ የሃያ ሁለቱ ልጅ ቃል ብቻ ይቀራል።

ይህ ለእኛ እንግዳ አይደለም። ሊጋቡ የታሰቡ ልጆች ሲኖሩ ሽማግሌ ተቀምጦ እስከ ሰባት ቤት ይቆጥራል። ልዩነቱ፣ እኛ የምንቆጥረው ዘመዳሞቹ እንዳይጋቡ ነው፤ የውሻ አርቢዎች ግን ለረጅም ጊዜ የቆጠሩት ዘመዳሞቹን ለማጋባት ነበር። የሚወዱትን ጆሮ፣ የሚወዱትን ጀርባ አጥብቀው ለመያዝ ወንድምን ከእህት፣ አባትን ከልጅ ያዳቅሉ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2008 ቢቢሲ ይህ ያስከተለውን የጤና ጉዳት በዘጋቢ ፊልም ካሳየ በኋላ የብሪታንያው ኬነል ክለብ እንዲህ ካለ ድቅል የተወለዱ ቡችሎችን መመዝገብ ለማቆም ተገደደ። አያቴ ብትሰማ «ይህንን ለማወቅ ፊልም አስፈለጋቸው?» የምትል ይመስለኛል።

እንዲህ በመዝገብ የተጻፉ ውሾች የሚወዳደሩበትን ትርኢት ያገኘሁት እንቅልፍ እምቢ ባለኝ ሌሊት፣ ዩቲዩብ ላይ ነው። ክራፍትስ ይባላል፤ ቻርልስ ክራፍት የተባለ ሰው እ.ኤ.አ. በ1891 ለንደን ውስጥ የጀመረው ነው፤ አሁን በበርሚንግሃም ይካሄዳል። መጀመሪያ የቁንጅና ውድድር መስሎኝ ሳቅሁ። ረጋ ብዬ ሳየው ግን ፈተና ነው። ዳኛው አንዱን ውሻ ከጎኑ ከቆመው ጋር ሲያወዳድር ቢመስልም፣ በደንቡ እያንዳንዱን የሚመዝነው በጽሑፍ ከተቀመጠ መስፈርት ጋር ነው። ውሻው ቀጥ ብሎ ይቆማል። ዳኛው ከንፈሩን ገልጦ ጥርሱን ያያል፤ ትከሻውን፣ ጀርባውን፣ ዳሌውን በእጁ ይዳስሳል፤ ወንድ ከሆነ ሁለቱም ቆለጦች መውረዳቸውን ያረጋግጣል። ከዚያ ባለቤቱ በሶምሶማ እያስሮጠ ይወስደዋል፣ ይመልሰዋል፤ ርምጃው ያልገጠመ ውሻ እዚያ ላይ ይጋለጣል። በየዘሩ አንደኛ የወጡት በየምድባቸው ይገናኛሉ፤ የምድቦቹ አሸናፊዎች ደግሞ ለመጨረሻው ዋንጫ ይቀርባሉ። የፈተናው የመጀመሪያ ዓላማ የትኛው ውሻ ቢወልድ ዘሩን ያሻሽላል የሚለውን መለየት ነበር። ዓላማው ሁልጊዜ ተጠብቋል ማለት አይቻልም፤ ኋላው ወደ መሬት የወረደ ጀርመን ሼፐርድ ሲሸለም እዚያው ክራፍትስ ላይ ብዙ ሰው ተቆጥቷል።

በማግስቱ ቅዳሜ ነበር። ሬክስን ከብረቱ በር አጠገብ አቆምኩት። ዘበኛችን በግራ እጃቸው ዳቦ ይዘው ከፊቱ ቆሙ፤ እኔ የአናጢ ሜትር ዘረጋሁ። የወንድ ጀርመን ሼፐርድ ቁመት ከመሬት እስከ ትከሻ ጫፍ ከ60 እስከ 65 ሳንቲ ሜትር፣ ክብደቱ ከ30 እስከ 40 ኪሎ ነው። ሬክስ 67 ሆነ። ክብደቱን ለማወቅ አቅፌው ሚዛን ላይ ወጣሁና የራሴን ቀነስኩ፤ 43። ጥርስ 42 መሆን አለበት፤ ከንፈሩን ገልጬ ሦስት ጊዜ ቆጠርኩ፤ ከታች በስተግራ አንዲት ትንሽ መንጋጋ የለችም፤ 41። «በልኳንዳ ቤት አጥንት ነው ያጣት» አሉ ዘበኛችን ሊከላከሉለት።

እናቴ ይህን ሁሉ ከበረንዳ ሆና ታያለች። ለእሷ ውሻ የግቢ ነው፤ ሥዕለ አድኅኖ ወዳለበት ክፍል አይገባም። «ጃንሆይም እኮ ሉሉ የሚባል ቺዋዋ ነበራቸው» ብላት «እሳቸው ንጉሥ ናቸው» ብላ ዘጋችኝ።

ውሻውን ሊያስወዳድር የሚፈልግ ሰው ቅርቡ ናይሮቢ ነው፤ የምሥራቅ አፍሪካ ኬነል ክለብ እዚያ ትርኢት ያዘጋጃል። የአበሻው ውሻ ግን የትም መግቢያ በር የለውም። እ.ኤ.አ. በ1911 የተቋቋመው፣ መቀመጫው ቤልጅየም የሆነው ዓለም አቀፉ የውሻ ማኅበራት ፌዴሬሽን ከ350 በላይ ዘሮችን ያውቃል፤ የኮንጎው ባሴንጂና የማሊው አዛዋክ አሉበት፣ የእኛ የለም። ስንፍና አይደለም ምክንያቱ፤ መዝገብ የያዘለት ሰው አለመኖሩ ነው። በስማችን የሚወዳደረው እንስሳ ድመት ነው፤ «አቢሲኒያን» የምትባለው። እሷም ብትሆን የዘረ መል ጥናቶች መነሻዋን የሚጠቁሙት ወደ ሕንድ ውቅያኖስ ዳርቻ ነው።

ለመግዛት የተነሳ ሰው ሻጩን አንድ ነገር ይጠይቅ፤ እናቱን አሳየኝ። አባት «ኤምባሲ» ሊኖር ይችላል፤ የአምስት ሳምንት ቡችላ እናት ግን ሩቅ ልትሆን አትችልም። ቤቱ ሄዶ ካየ ግማሹን መልስ ያገኛል፤ ንጽሕናዋን፣ ጠባይዋን፣ ስንት ጊዜ እንደወለደች።

ዘበኛችን ሜትሩን ጠቅልለው ሰጡኝ። «ታዲያ ልጄ፣ አለፈ ወደቀ?»

«ወደቀ።»

«እንግዲያው ዳቦው ይቅርበት?» አሉ፤ ሬክስ ግን ቀድሟቸው ጨርሶታል።