ሸክም «ይለመዳል» ወይ?

ከሽሮ ሜዳ ወደ እንጦጦ በሚያወጣው ጎዳና የምትመላለሱ ሁሉ፣ ከቁመታቸው የሚረዝም የባሕር ዛፍ ጭራሮና ቅጠል በጀርባቸው አዝለው ቁልቁል የሚወርዱትን እናቶች ሳታዩ አልቀራችሁም። ግራና ቀኝ በየሱቁ የተሰቀለው ጥበብና ነጠላ ዐይን ይስባል፤ በመካከሉ ጎንበስ ብላ የምታልፈውን ባለ ሸክም ግን ብዙዎቻችን ልብ አንላትም። ልብ ብንላትም «እነሱ እኮ ለምደውታል» ብለን እናልፋለን። ለመሆኑ ይህ አባባል እውነት ነውን? የሕክምናም የፊዚክስም ተመራማሪዎች ጉዳዩን መርምረውታል። ያገኙትን መልስ በዛሬው ዐምዳችን እናቀርብላችኋለን።

ባሕር ዛፍ ወደ አገራችን የገባው በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን፣ በ1880ዎቹ፣ የአዲስ አበባን የማገዶ ችግር ለማቃለል ነበር። ከዚያ ወዲህ ዛፉ ለከተማይቱ ማገዶ፣ ለብዙ ድሀ እናቶች ደግሞ የዕለት እንጀራ ሆነ። ስለ እነዚህ ሴቶች ኑሮ ፍቅርተ ኃይሌ ያካሄዱት ጥናት በ1983 ዓ.ም. በዓለም አቀፉ የሥራ ድርጅት አማካይነት ወጥቷል። ጥናቱ ከከተማይቱ ማገዶ ከፍ ያለ ድርሻ በሴቶች ጀርባ የሚወርድ መሆኑን አሳየ። ከ30 ኪሎ በላይ የሚመዝነው እስር በእነሱ ዘንድ የተለመደ ሸክም ነው። ከሸክሙም ሌላ በጫካው ውስጥ የጥበቃዎች ዱላ፣ የለቀሙትን መነጠቅና የመደፈር አደጋ ይጠብቃቸው ነበር። ስለዚህ ጉዳዩ የጤና ብቻ ሳይሆን የደኅንነትም ጉዳይ ነው።

አሁን ወደ ፊዚክሱ እንመለስ። በ1978 ዓ.ም. የናይሮቢው ፕሮፌሰር ማሎይና የሥራ ባልደረቦቻቸው የኬንያን የሉኦና የኪኩዩ ሴቶች ሸክም አሸክመው፣ በሚንቀሳቀስ መሄጃ ላይ እያራመዱ፣ የሚተነፍሱትን ኦክስጂን ለኩ። የሰው ድካም በሚጠቀምበት ኦክስጂን ይታወቃልና። ሴቶቹ እስከ ክብደታቸው 20 በመቶ ድረስ ሲሸከሙ ባዶ እጃቸውን ከሚሄዱበት የበለጠ ኦክስጂን አልተጠቀሙም። በ1987 ዓ.ም. የወጣ ሌላ ጥናት ምክንያቱን ገለጸ። ሰው ሲራመድ ሰውነቱ እንደ ግድግዳ ሰዓት ዥዋዥዌ ነው፤ ከፍ ሲል ያከማቸውን ኃይል ዝቅ ሲል ወደ ፊት ለመራመድ ይጠቀምበታል። እነዚያ ሴቶች ሸክም ሲይዙ በዚህ መለዋወጥ የሚባክነውን ኃይል ይቀንሱ ነበር።

«እንግዲያውስ ለምደውታል ማለት እውነት ነው» የሚል አይጠፋም። ነገር ግን ሒሳቡን አብረን እናስላ። 50 ኪሎ ለምትመዝን እናት 20 በመቶ ማለት 10 ኪሎ ብቻ ነው። ከዚያ በላይ ሲሆን ድካሙ ከሸክሙ ጋር እየጨመረ እንደሚሄድ ያው ጥናት አረጋግጧል። 35 ኪሎ ደግሞ የክብደቷ 70 በመቶ ነው። በተጨማሪም ልኬታው የተካሄደው በደልዳላ መሄጃ ላይ እንጂ በእንጦጦ ቁልቁለት አይደለም። ቁልቁል ስትወርድ ጡንቻዋ ራሷንም ሸክሟንም እየገታ፣ ጉልበቷ በየእርምጃው ክብደቱን እየተቀበለ ነው። ጎንበስ የምትለውም ወድዳ አይደለም፤ የእርሷና የሸክሟ የጋራ ክብደት ማዕከል ከእግሯ በላይ ካልዋለ ወደ ኋላ ትወድቃለችና ነው። ከዚህም በላይ በ2002 ዓ.ም. በደቡብ አፍሪካ የኾሳ ሴቶች ላይ የተደረገ ጥናት ያ «ነጻ ሸክም» ለሁሉም የማይሠራ፣ ከሴት ወደ ሴት እጅግ የሚለያይ መሆኑን አሳይቷል።

የሕክምናው ምስክርነት የበለጠ ያሳስባል። በሰሜን ጎንደር በዳባት ወረዳ ተካሂዶ በ2005 ዓ.ም. የወጣ ጥናት፣ በቀን አምስት ሰዓትና ከዚያ በላይ ከባድ ዕቃ መሸከም ከማሕፀን መውረድ ጋር የተያያዘ መሆኑን አግኝቷል። የተራዘመ ምጥም እንዲሁ። ይህ ሕመም ብዙ እናቶች አፍረው የሚደብቁት፣ ግን ሊታከም የሚችል ሕመም ነው።

ጅምር መፍትሔዎችም አልጠፉም። በ1980ዎቹ የቀድሞ እንጨት ተሸካሚ ሴቶች ማኅበር ተቋቁሞ አባላቱ ሸክሙን ትተው በሽመናና በእጅ ሥራ መተዳደር ጀምረዋል። የእንጦጦ ፓርክ በ2013 ዓ.ም. ሲከፈትም ከተሸካሚዎቹ መካከል በፓርኩ ሥራ ያገኙ እንዳሉ በጊዜው ተነግሯል። ይሁን እንጂ ሸክሙ ዛሬም ፈጽሞ አልቀረም። በዚያው ተራራ አናት ላይ ሁለት ትልልቅ ቴሌስኮፖች ከዋክብትን ይመለከታሉ። ሳይንስ ወደ ላይ ለማየት የሚያወጣውን ትጋት ከግርጌው ለምታልፈው እናትም ቢያውል ተገቢ ነው።

እኛስ ከቤታችን ምን እናድርግ? በመጀመሪያ የልጆቻችንን ሸክም እንመልከት። 20 ሊትር የሚይዝ ጀሪካን በውኃ ሲሞላ ከ20 ኪሎ በላይ ነው፤ 40 ኪሎ ለምትመዝን ልጅ ይህ የሰውነቷ ግማሽ ያህል ነው። ከፍለን ሁለት ጊዜ ብታመጣው፣ ወንድሟም ቢያግዛት ጊዜ እንጂ ጤና አይጎድልም። አራስ እናት ቢያንስ ስድስት ሳምንት ከባድ ነገር አታንሣ፤ ባልና ጎረቤት ይህን ይወቁላት። ከታች የመክበድ ወይም የሆነ ነገር የመውረድ ስሜት ያላት ሳትሸማቀቅ ወደ ጤና ጣቢያ ትሂድ። በእንጨት የምንጋግር ደግሞ ከሦስት ጉልቻ ይልቅ ማገዶ ቆጣቢ ምድጃ ብንጠቀም ወጪያችንም ጭሱም ይቀንሳል።

በመጨረሻም፣ እኅቶቻችን እንጨታቸውን ይዘው በራችን ሲቆሙ የሚጠይቁት ዋጋ የእንጨቱ ብቻ አይደለም። የጉልበታቸው፣ የወገባቸውና የማሕፀናቸው ዋጋም አለበት። ስንከራከር ይህን እናስብ። «ለምደውታል» የሚለውንም ቃል ከአፋችን እናውጣው፤ ሰውነት ሸክምን ይችለዋል እንጂ አይለምደውም።