ያልተተረከው ሽንፈት፦ «ሃይሩል ሂስቶሪያ» እንደ ዜና መዋዕል

በየጊዜው ለየብቻ የተፈጠሩ ታሪኮች በአንድ መድበል ሲሰበሰቡ ሰብሳቢው የጎደለውን ለመሙላት ይገደዳል፤ ሲሞላም ደራሲ ይሆናል። ይህን ነጥብ ከተለመደው የልብ ወለድ መስክ ወጣ ብዬ፣ ከቪዲዮ ጨዋታ ጋር አብሮ እንዲነበብ በተዘጋጀ አንድ መጽሐፍ ለማሳየት እሞክራለሁ።

መጽሐፉ «ሃይሩል ሂስቶሪያ» ይባላል። የኒንቴንዶ ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1986 የጀመረው «ዘ ሌጀንድ ኦቭ ዜልዳ» 25ኛ ዓመቱን ባከበረበት በ2011 በጃፓን ታተመ፤ እኔ የተጠቀምሁበት የእንግሊዝኛው ትርጉም በ2013 ወጣ። በአብዛኞቹ ጨዋታዎች ሊንክ የሚባል ወጣት ሃይሩል የተባለችውን አገር ከክፉ ኃይል ይታደጋል። ይሁንና የአንዱ ጨዋታ ሊንክ የሌላው ላይሆን ይችላል፤ በመካከላቸው ዘመናት ያልፋሉ። በእኛ ተረቶች የዚህኛው ተረት ጦጣ የዚያኛው ናት ወይ ብሎ የሚጠይቅ አድማጭ አላጋጠመኝም። የዜልዳ ተጫዋቾች ግን ለዓመታት ጠይቀዋል፤ ተከራክረዋልም።

የመጽሐፉ መልስ ጨዋታዎቹን በዘመን ቅደም ተከተል መደርደር ነው። ድርድሩ በ1998 የወጣው «ኦካሪና ኦቭ ታይም» ላይ ሲደርስ በሦስት ሐረግ ይከፈላል። ሁለቱ ከጨዋታው መደምደሚያ የሚመነጩ ናቸው፤ ይኸውም ጀግናው ወደ ልጅነቱ ሲመለስ አንድ ዘመን፣ ጥሎት በሄደው ዓለም ደግሞ ሌላ ዘመን ይቀጥላል። ሦስተኛው ሐረግ የሚነሳው ጀግናው በጋነን እጅ ከመሸነፉ ነው። ይህን ሽንፈት «ኦካሪና» የትም ቦታ አይተርከውም፤ የሚያውቀው ተጫዋቹ ብቻ ነው፤ እሱም ተሸንፎ እንደገና በጀመረ ቁጥር። የ1986ቱ የመጀመሪያው ጨዋታ ሳይቀር በዚህ ባልተተረከ ክስተት ላይ እንዲቆም ተደርጓል። እንደ እኔ አስተያየት፣ የመጽሐፉ እውነተኛ ድርሰት ይህ ነው። በትረካ ውስጥ ቦታ ያልነበረው የተጫዋች ውድቀት የአንድ ዘመን መነሻ ሆኗል።

አዘጋጆቹ ለዚህ ሥራ ፍጹም ሥልጣን አልሰጡትም። የቀረበው በወቅቱ የሚታመነው እንደሆነና ታሪኩ ወደፊት ሊለወጥ እንደሚችል ያስጠነቅቃሉ። ከዘመን ዝርዝሩ ቀጥሎ የሚገኙት የንድፍ ሥዕሎችም ይህንኑ ያጠናክራሉ፤ የተተዉ አልባሳት፣ ያልጸደቁ ፊቶች፣ በሠዓሊዎቹ የተጫሩ ማስታወሻዎች ሳይሰረዙ ታትመዋል። የፊተኛው ክፍል «እንዲህ ሆነ» ሲል፣ የኋለኛው «እንዲህም ሊሆን ይችል ነበር» ይላል። ብዙዎች ይህን ክፍል ለዓይን ማረፊያ ብቻ ማለፋቸው ያሳዝናል።

በ2017 የወጣው «ብሬዝ ኦቭ ዘ ዋይልድ» ኩባንያው በቀጣዩ ዓመት ባወጣው ዝርዝር ከሦስቱ ሐረጎች በአንዱም ሥር አልተመደበም፤ በመጨረሻ ለብቻው ተቀምጧል። በዚያ ጨዋታ ሊንክ ከመቶ ዓመት በፊት ተሸንፎ ከወደቀበት እንቅልፍ ሲነቃ ትረካው ይጀምራል።