የስትራስበርግ ክንድ ለልጆቻችን ምን ያስተምራል?

በእግር ኳስ ላደግን ሰዎች ቤዝቦል እንቅልፍ የሚያመጣ ጨዋታ ነው። አሜሪካ የተወለዱት ልጆቻችን ግን ጓንታቸውን አጥልቀው ቅዳሜ ቅዳሜ «ሜዳ አድርሱን» ይሉናል። አንዱ ጠንከር አድርጎ ከወረወረ አሠልጣኙ «ይህ ልጅ ትልቅ ቦታ ይደርሳል» ይላል፤ አባትም የኮሌጅ ስኮላርሺፕ ማሰብ ይጀምራል። ለመሆኑ ትልቅ ቦታ የሚደርስ ወርዋሪ በምን ይታወቃል? መልሱን የፈለግሁት እዚሁ ዋሽንግተን፣ ከስቴፈን ስትራስበርግ ታሪክ ነው።

ወርዋሪው ከመቺው 18 ሜትር ተኩል ያህል ርቆ ይቆማል። በሰዓት 150 ኪሎ ሜትር የተወረወረ ኳስ ከግማሽ ሴኮንድ ባነሰ ጊዜ ይደርሳል። ሆኖም አንድ ዓይነት ፍጥነት ደጋግሞ ያየ መቺ ይለምደዋል። ስለዚህ ስካውት የሚባሉት ተሰጥኦ ፈላጊዎች ለእያንዳንዱ የውርወራ ዓይነት ለየብቻው ከ20 እስከ 80 ነጥብ ይሰጣሉ፤ 50 የትልቁ ሊግ አማካይ ነው። ኳሱን ያሰበበት ቦታ ማሳረፍ መቻሉም ለብቻው ይመዘናል። ነጥቡ ደግሞ ሁለት ነው፦ አንዱ ለዛሬው፣ ሌላው ወደፊት ይደርስበታል ተብሎ ለሚገመተው።

ስትራስበርግ ሦስት መሣሪያ ነበረው። ፋስትቦሉ በሰዓት 160 ኪሎ ሜትር ይደርስ ነበር። ከርቩ መቺው ዘንድ ሲደርስ ወደ ታች ይጠመዘዛል። ቼንጅ አፑ የተንኮል ኳስ ነው፤ ክንዱ እንደ ፈጣኑ ይወነጨፋል፣ ኳሱ ግን ይዘገያል፤ መቺውም ቀድሞ ዱላውን ይሰነዝራል። ጨዋታ የሚጀምር ወርዋሪ እነዚያኑ መቺዎች ሁለት ሦስት ጊዜ ስለሚገጥም፣ በእኔ ግምት የወጣቱን ዕድል የሚወስነው ይህ ሦስተኛው መሣሪያ ነው።

እ.ኤ.አ. በ2009 የዋሽንግተኑ ናሽናልስ ከሁሉ አስቀድሞ መርጦት በ15.1 ሚሊዮን ዶላር አስፈረመው። ጁን 8 ቀን 2010 በመጀመሪያ ጨዋታው 14 የፒትስበርግ መቺዎችን በስትራይክ አሰናበተ፤ አንድም በነፃ አላሳለፈም። ሦስት ወር ሳይሞላ የክርኑ ጅማት ተበጠሰ። ቶሚ ጆን በሚባለው ወርዋሪ ላይ በ1974 ለመጀመሪያ ጊዜ የተደረገው ቀዶ ጥገና ተደረገለት፤ የተበጠሰው ጅማት በሌላ ጅማት ተተካ። በ2012 ቡድኑ ለክንዱ ሰግቶ ከ159 ኢኒንግ በኋላ አስቀመጠው፤ ያለ እሱም በማጣሪያው ተሸነፈ። ከተማው በክርክር ታመሰ። በ2019 ግን ዎርልድ ሲሪዝን አሸንፎ የፍጻሜው ኮከብ ተባለ። ወዲያው የ7 ዓመት፣ የ245 ሚሊዮን ዶላር ውል ፈረመ። ከዚያ ወዲያ በጉዳት ምክንያት የወረወረው 8 ጨዋታ ብቻ ነው፤ በ2024 በይፋ ተሰናበተ።

እንግዲህ ገንዘብም፣ ሐኪምም፣ ጥንቃቄም ያልጎደለው ክንድ እንዲህ ከሆነ፣ የአሥራ ሁለት ዓመት ልጅ ክንድ ምን ይሆናል? ሜጀር ሊግ ቤዝቦልና ዩኤስኤ ቤዝቦል በ2014 ባወጡት መመሪያ የ11 እና የ12 ዓመት ልጅ በቀን ከ85 ኳስ በላይ አይወረውርም፤ ከ65 ካለፈ አራት ቀን ያርፋል። በዓመት ቢያንስ አራት ወርም ከውርወራ ይታቀባል። ለሁለት ቡድን የሚጫወት ልጅ ግን ሁለቱ አሠልጣኞች የየራሳቸውን ብቻ ይቆጥራሉ። ድምሩን የሚያውቀው ወላጅ ነው።

እኛ ደግሞ ልጅ «አመመኝ» ሲል «ጎበዝ አይደለህም እንዴ፣ ቻለው» ማለት ይቀናናል። ክርን አመመኝ ላለ ወርዋሪ ይህ ምክር መርዝ ነው። በዚህ ዕድሜ ከፍጥነቱ ይልቅ ኳሱን ያሰበበት ማሳረፉን፣ ከከርቩ በፊትም ቼንጅ አፕ መማሩን እንይለት። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል። ስኮላርሺፑ ቢመጣ እሰየው፤ ባይመጣም ልጁ በጤነኛ ክንዱ እስክሪብቶ ይይዝበታል።