ከቀመር ውስጥ የሚፈለገውን ፊደል ለብቻው ስለ ማውጣት

ከወዳጆቻችን አንዱ፣ በመሥሪያ ቤታቸው በጽሕፈትም በሒሳብም የተመሰገኑ ሰው ናቸው። አንድ እሑድ ከሰዓት በኋላ ልንጠይቃቸው ወደ ቤታቸው ብንሄድ ፊታቸው ጠቁሮ አገኘናቸው። ምክንያቱን ብንጠይቅ የልጃቸውን ደብተር አንሥተው አሳዩን። መምህሩ በቀይ ቀለም ሰርዞበታል። «ይህ ልጅ ለትምህርት አልተፈጠረም፤ ዘንድሮ ካላለፈ ከትምህርት ቤት አስወጥቼ ሌላ ሥራ አስይዘዋለሁ» አሉን። ልጁ በበሩ አጠገብ ቆሞ ይሰማ ነበር።

ደብተሩን ተቀብለን ተመለከትነው። ጥያቄው ስለ ፔንዱለም ነበር፤ ይኸውም በግድግዳ ሰዓት ውስጥ ወዲያና ወዲህ የሚወዛወዘው ነው። አንድ ጊዜ ሄዶ ለመመለስ 2 ሰከንድ የሚፈጅ ፔንዱለም ርዝመቱ ስንት እንደ ሆነ ይጠይቃል። የተሰጠው ቀመር ግን የሚናገረው ስለ ጊዜ እንጂ ስለ ርዝመት አይደለም። ሄዶ የሚመለስበትን ጊዜ «ጊ»፣ ርዝመቱን «ር»፣ የመሬትን ስበት «ስ» ብለን ብንጽፈው እንዲህ ነው፦

ጊ = 2 × ፓይ × √(ር ÷ ስ)

ፓይ የሚባለው የክብ ዙሪያ በመካከሉ በሚያልፈው ስፋቱ ሲካፈል የሚገኘው ቁጥር ሲሆን 3.14 ያህል ነው። √ ደግሞ የሥር ምልክት ነው፤ 3 በራሱ ሲባዛ 9 ስለሚሆን የ9 ሥር 3 ነው እንላለን። ይህን የፔንዱለም ሕግ የሆላንዱ ሊቅ ክርስቲያን ሁይገንስ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1673 ዓ.ም. ስለ ሰዓት ባሳተመው መጽሐፍ ገልጾታል።

ልጁ የሠራውን በየመስመሩ ብንከተለው ምንም የማያውቅ ሆኖ አላገኘነውም። ሥሩን ለማንሣት ሁለቱን ወገን በራሳቸው ማባዛት እንደሚገባ ያውቃል። ጊን በራሱ አባዛው፤ ሥሩንም አነሣው፤ 2 × ፓይን ግን ሳያባዛ እንዳለ ተወው። ስለዚህ ር = ስ × ጊ² ÷ (2 × ፓይ) ብሎ ጽፎ፣ ስበቱን 9.8 አድርጎ፣ 6.24 ሜትር አወጣ። ስሕተቱ ይህች ብቻ ነበረች።

ለልጁ ያዘንነው እኛም በዚያው መንገድ ስለ ወደቅን ነው። በወጣትነታችን የውጭ ትምህርት በተማርንበት ዘመን እያንዳንዱን ቀመር በሦስት መልክ በቃላችን ይዘን ነበርና፣ ፈታኙ ፊደሎቹን ለውጦ ባቀረበ ጊዜ ባዶ ወረቀት መለስን። የሚያስገርመው ግን ከዚያ በፊት በቤተ ክርስቲያን ትምህርት ሳለን ይህንኑ ጥበብ በባሕረ ሐሳብ ዕለት ዕለት እንሠራው ነበር። አበቅቴና መጥቅዕ ተደምረው ዘወትር 30 ይሆናሉ። የ2016 ዓ.ም. መጥቅዕ 10 መሆኑን ያወቀ ሰው 10ን ከ30 አንሥቶ አበቅቴው 20 ነው ይላል፤ አበቅቴውን ያወቀ ደግሞ በዚያው ሕግ መጥቅዑን ያገኛል። ሁለት ሕግ ማጥናት አላስፈለገውም። ቀመር የሚለውም ቃል ከዚያው ከዘመን ቍጥር የመጣ ሆኖ ሳለ፣ ሁለቱ ትምህርቶች አንድ መሆናቸውን ያስተዋልነው ከብዙ ዓመት በኋላ ነው።

ልጁን አስቀምጠን የጠየቅነው «በር ላይ ምን ምን ተደርጎበታል?» ብለን ነው። ጥቂት አስቦ «መጀመሪያ ለስ ተካፈለ፤ ቀጥሎ ሥሩ ወጣ፤ በመጨረሻ በ2 እና በፓይ ተባዛ» አለ። የበቅሎ ጭነት ሲራገፍ በመጨረሻ የታሰረው ገመድ አስቀድሞ ይፈታል። እዚህም እንደዚያው ነው፤ የተባዛውን በማካፈል፣ ሥሩን በራሱ በማባዛት፣ የተካፈለውን በማባዛት፣ ከኋላ ወደ ፊት መፍታት ነው። በአንዱ ወገን የተደረገው በሌላውም መደረግ አለበት፤ ያለዚያ ሚዛኑ ያጋድላል። መጀመሪያ ሁለቱን ወገን ለ2 × ፓይ አካፈለ፦

ጊ ÷ (2 × ፓይ) = √(ር ÷ ስ)

ቀጥሎ እያንዳንዱን ወገን ሙሉውን በራሱ አባዛ፦

ጊ² ÷ (4 × ፓይ²) = ር ÷ ስ

እዚህ ላይ እርሳሱን አቁሞ ቀና አለ፤ የተወው 2 × ፓይ የት እንደ ቀረበት አየ። በመጨረሻ በስ ቢያባዛ፦

ር = ስ × ጊ² ÷ (4 × ፓይ²)

ሆኖ 0.99 ሜትር ወጣ። የቀድሞውን 6.24 ሜትር ወደ መጀመሪያው ቀመር መልሶ ቢያስገባው 2 ሰከንድ በመሆን ፈንታ 5 ሰከንድ ሆነበት። መልስን ወደ መጣበት መመለስ ከሁሉ የሚቀል መመርመሪያ ነው፤ ቀመሩን ፈጽሞ የማያውቅ አባትም እንኳ ልጁን «መልሰህ አስገባው» ማለት አይሳነውም።

ወዳጃችን ግን «በወረቀትማ ሁሉም ያምራል» አሉን። እውነታቸውን ነው። ስለዚህ ከእመቤቲቱ ሲባጎ ለምነን፣ የሣጥን ቁልፍ በጫፉ አስረን፣ ከጣራው ጠርብ ላይ ካለ ምስማር ሰቀልነው። 6 ሜትር ሲባጎስ በዚያ ቤት መስቀያ ባላገኘ ነበር። ከምስማሩ እስከ ቁልፉ መካከል 99 ሳንቲ ሜትር ለካንና በጥቂቱ ገፋ አድርገን ለቀቅነው፤ በብዙ ከተገፋ ቀመሩ በትክክል አይሠራምና። አባትዮው ሰዓት ያዙ፤ ልጁ ቈጠረ። 10 ጊዜ ሄዶ ሲመለስ 20 ሰከንድ ሆነ። «ይደገም» አሉ፤ ተደገመ፤ ያው ሆነ።

ከዚያ በኋላ ልጁን ስን ለብቻው እንዲያወጣ ብቻውን ተውነው። ስ ከታች በአካፋይነት ስላለ ጥቂት ተቸገረ፤ አስቀድሞ በማባዛት ወደ ላይ ቢያወጣው ግን መንገዱ ተከፈተለት፦

ስ = 4 × ፓይ² × ር ÷ ጊ²

ሲባጎውን ወደ 64 ሳንቲ ሜትር አሳጠረ። 20 ጊዜ ሲመላለስ 32.2 ሰከንድ ፈጀ፤ ይህም ለአንዱ 1.61 ሰከንድ ነው። በሣጥን ቁልፍ የመሬትን ስበት 9.75 ብሎ ለካ። «ለምን 9.8 አልሆነም?» ብሎ ጠየቀን። ጊ በራሱ የሚባዛ ስለ ሆነ ሰዓት በያዘው እጅ ላይ የምትደርስ ትንሽ ስሕተት በእጥፍ ትታያለች። ደግሞም አዲስ አበባ ለምድር ወገብ የቀረበችና ከባሕር በላይ ከፍ ያለች በመሆንዋ ስበቷ ከ9.8 በጥቂት መቶኛ ያንሳል። ይህ ልዩነት ቀድሞ የታወቀው በዚሁ ዓይነት መሣሪያ ነው። ፈረንሳዊው ዣን ሪሼ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1672 ዓ.ም. በደቡብ አሜሪካ ወዳለችው ወደ ካየን ሄዶ ሳለ፣ በፓሪስ ልክ የነበረው ፔንዱለም በዚያ ዘገየበት፤ ለማስተካከል 3 ሚሊ ሜትር ያህል ማሳጠር ግድ ሆነበት። ኒውተንም ምድር በወገቧ የሰፋች መሆንዋን ለማስረዳት ይህን ጠቅሷል።

አባትዮው ይህን ሲሰሙ ቆይተው በግድግዳቸው ላይ ወደ ተሰቀለው ሰዓት ዞር አሉና «ይህስ ሰዓት በየቀኑ ወደ ኋላ የሚቀረው፣ ፔንዱለሙ መርዘም ነው ወይስ ማጠር የሚገባው?» ብለው ጠየቁ። የጠየቁት እኛን ነበር። ልጁ ግን ደብተሩን ሳይመለከት «ይጠር፣ አባባ፤ ከሥሩ ያለችውን ብሎን ወደ ላይ ያጥብቋት» አለና ወንበር ሊያመጣላቸው ሄደ።